ሼደርን ከአብስትራክት ሥዕል መማር፦ ከሞንድሪያን እስከ ብሪጅት ራይሊ

ነጥብ_በነጥብ (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ክሪኤቲቭ ኮዲንግ (ኮድ በመጻፍ ጥበብ መሥራት) መማር ለሚፈልግ፣ በተለይም ሼደር መጻፍ ለሚጀምር ሰው፣ አንድ የታወቀ አብስትራክት (ረቂቅ) ሥዕል ፊቱ አስቀምጦ ያንኑ በኮድ መልሶ ለመሥራት ከመሞከር የተሻለ መምህር የለም ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቴን በዝርዝር ላስረዳ። ኢንተርኔት ላይ ባለው አብዛኛው ትምህርት ጀማሪው የሚያምር ነገር እስኪወጣለት ድረስ ቁጥሮችን ይቀያይራል፤ ደስ የሚለው ላይ ሲደርስም ያቆማል። የወጣው ምስል ራሱ አስቦ ያመጣው ይሁን በአጋጣሚ የመጣ የሚለይበት መንገድ ግን የለውም። ሥዕል ፊቱ ካለ መስመሩ መወፈሩን፣ ቀዩ መድመቁን፣ ክፍተቱ መጥበቡን ዓይኑ ይነግረዋል፤ ከዚያም ወደ ኮዱ ተመልሶ ያንን ያመጣው የትኛው ቁጥር እንደሆነ መፈለግ ግድ ይሆንበታል። (ዓመታቱን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ለማያውቁት፣ ፍራግመንት ሼደር ማለት በጂፒዩ (በኮምፒውተሩ የምስል ፕሮሰሰር) ላይ የሚሠራና ለእያንዳንዱ ፒክስል ለየብቻ የሚጠራ ትንሽ ፕሮግራም ነው። 1920 በ1080 ፒክስል በሆነ ስክሪን ላይ ለአንድ ፍሬም 2,073,600 ጊዜ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሆን ደግሞ ከ124 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይጠራል። አንዱ ፒክስል ጎረቤቱ ምን ቀለም እንደያዘ አያውቅም፤ የሚያውቀው የራሱን አድራሻ፣ ማለትም የአግድምና የቁመት ቁጥሩን ብቻ ነው። ስለዚህ «ከዚህ እስከዚያ አስምር» የሚባል ትእዛዝ እዚህ የለም፤ እያንዳንዱ ነጥብ «እኔ ያለሁበት ቦታ ምን ቀለም ሊሆን ይገባዋል?» ብሎ ራሱን ይጠይቃል እንጂ። ጀማሪ ከሒሳቡ ይልቅ የሚቸገረው በዚህ የአስተሳሰብ መገልበጥ ነው።

ለመጀመሪያ ልምምድ የምመክረው ፒት ሞንድሪያን በ1930 በቀይ፣ በሰማያዊና በቢጫ የሠራውን፣ ዛሬ በዙሪክ ኩንስትሃውስ የሚገኘውን ሥዕል ነው። በላይኛው ቀኝ ትልቅ ቀይ፣ በታችኛው ግራ ትንሽ ሰማያዊ፣ በታችኛው ቀኝ ጥግ ላይ ጠባብ ቢጫ አለ፤ የቀረው ነጭ ሲሆን ሁሉንም ጥቁር መስመሮች ይለያዩታል። ለዚህ ሥዕል ስቴፕ የተባለው አንድ ፋንክሽን ይበቃል። ስቴፕ ሁለት ቁጥር ይቀበላል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ካነሰ 0፣ ካላነሰ 1 ይመልሳል። አንዱን ስቴፕ ከሌላው ስንቀንስ በሁለቱ መካከል ያለው ጠባብ ሰቅ ብቻ 1 ሆኖ ይቀራል፤ መስመር ማለት ይኸው ነው። ያንን ሰቅ በሦስተኛ ስቴፕ ስናባዛው መስመሩ የሸራው ጠርዝ ላይ ሳይደርስ እኛ በወሰንለት ቦታ ይቆማል። አራት ስቴፖች ተባዝተው ደግሞ ሬክታንግል ይሰጣሉ።

እስከዚህ ድረስ ያለው በአንድ ምሽት የሚያልቅ ሥራ ነው፤ ትምህርቱ የሚጀምረው ውጤቱን ከሥዕሉ ጎን ስታስቀምጡት ነው። የመስመሮቹ ውፍረት እኩል አይደለም። በግራ ጠርዝ ሁለቱን ነጮች የሚለየው አጭር አግድም መስመር ከረጅሞቹ በግልጽ ይወፍራል። ውፍረትን እንደ አንድ ቋሚ ቁጥር የያዘ ኮድ ይህንን ሊያወጣ ስለማይችል ለእያንዳንዱ መስመር የራሱን ውፍረት መስጠት ያስፈልጋል። ሁሉንም እኩል አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ቀዩ ሸራውን ወደ ቀኝ ይጎትተዋል፣ በግራ በኩል የሚመክተው ነገር አይኖርም። ከዚያ ያንን አጭር መስመር ቀስ በቀስ አወፍሩት፤ ሚዛኑ የሚመለስበት ቁጥር ላይ ስትደርሱ ዓይናችሁ ያውቀዋል። ሥዕሉን በመጽሐፍ ላይ ለብዙ ዓመት ያየ ሰው እንኳ ይህንን ላያስተውል ይችላል፤ ቁጥሩን በእጁ የቀየረ ሰው ግን ሊያልፈው አይችልም።

ነጩንም አትርሱ። ስክሪን ላይ ቀለም የሚጻፈው በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ መጠን፣ ከ0 እስከ 1 ነው፤ ሦስቱንም 1.0 ብሎ መጻፍ ይቀላል፤ ነገር ግን የተቀባ ነጭ የስክሪን ነጭ አይደለም። ከ0.93፣ 0.92 እና 0.88 አካባቢ ጀምራችሁ አስተካክሉ፤ ጥቁሩንም ሙሉ በሙሉ 0 አታድርጉት።


አዲስ_ገቢ

ስለ ጽሑፍዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ጃቫስክሪፕት ጥቂት እችላለሁ፤ ሒሳብ ግን ከሁለተኛ ደረጃ ወዲህ አልነካሁም። ሁለት ጥያቄ አለኝ። በፒ5 (በጃቫስክሪፕት ሥዕል ለመሥራት በሚያገለግለው ላይብረሪ) ጀምሬ ከዚያ ወደ ሼደር ብሄድ አይሻልም ወይ? ያለኝ ላፕቶፕ ደግሞ ያረጀና ለብቻው የተገጠመ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ነው፤ በእርሱ መማር ይቻላል?


ሥርዓተ_ኮድ

በላፕቶፕዎ አይጨነቁ። ለሞንድሪያን ዓይነት ሥራ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው ግራፊክስ ከበቂ በላይ ነው፤ የሚጫን ሶፍትዌርም የለም። ኢኒጎ ኪሌዝና ፖል ጄሬሚያስ በ2013 የከፈቱት ሼደርቶይ የተባለው ድረ ገጽ፣ ብሮውዘር ጂፒዩን እንዲጠቀም በሚያስችለው በዌብጂኤል አማካኝነት፣ ብሮውዘር ውስጥ ይሠራል፤ ኮድዎን በአንድ በኩል ጽፈው በሌላ በኩል ወዲያው ያዩታል፤ ሌሎች የለጠፉትንም ሥራ ከነኮዱ ማንበብ ይችላሉ።

በፒ5 ጉዳይ ከክሩ ከፋች በከፊል እለያለሁ። ሉፕ (አንድን ትእዛዝ የሚደጋግም ኮድ) ጽፎ የማያውቅ ሰው በፒ5 ቢጀምር ይሻለዋል፤ ምክንያቱም እዚያ ሬክታንግል ማውጣት አንድ መስመር ኮድ ብቻ ነው፤ ስሕተት ሲኖርም መልእክቱ በግልጽ ይነበባል። ይሁን እንጂ በፒ5 የተሠራ ሞንድሪያን ሬክታንግሎችን በላይ በላዩ መደርደር ብቻ ስለሆነ ከላይ የተባለውን ነጥብ በነጥብ ማሰብን አያስተምርም። እርስዎ ጃቫስክሪፕት ከቻሉ በቀጥታ ወደ ሼደር ይግቡ።

መጀመሪያ ላይ የሚያጋጥሙዎትን ሁለት ነገሮች ልንገርዎ። ሼደር በሚጻፍበት ቋንቋ፣ በጂኤልኤስኤል፣ 1 እና 1.0 አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ሙሉ ቁጥር፣ ሁለተኛው ፍሎት (የአሥርዮሽ ቁጥር) ነው፤ በዌብጂኤል ሁለቱን ካደባለቁ ኮዱ ጭራሹን አይነሣም። የቁመት ቁጥሩ ደግሞ ከታች ወደ ላይ ያድጋል፤ ከፒ5 የመጣ ሰው ሥዕሉ ተገልብጦ ቢያገኘው አይገረም።

ከሁሉም በላይ ግን ስሕተት የሚፈለግበትን መንገድ ይልመዱ። ሼደር ውስጥ ቁጥር አትሞ ማየት ስለማይቻል ተጠራጣሪ የሆኑበትን ተለዋዋጭ እንደ ቀለም አውጥተው ይመልከቱት። ጥቁር ከሆነ 0፣ ነጭ ከሆነ 1 ነው ማለት ነው፤ ነገር ግን 7ም ነጭ ሆኖ ይታያል፣ ከ0 በታች ያለውም ጥቁር ሆኖ ይታያል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለ10 አካፍለው፣ አንድ ጊዜ ምልክቱን ገልብጠው ማየት ያስፈልጋል። ከሒሳቡ ደግሞ ለመነሻ የሚበቃዎት መቀነስና ማባዛት፣ የፓይታጎረስ ሕግና ሳይን ነው።


ሸራና_ብሩሽ

ውይይቱን በጥሞና አነበብሁት። እኔ የተማርሁት ሥዕል ነው፤ ኮድ አልጽፍም፤ ስለዚህ ከሥዕሉ ወገን ሆኜ አንድ ተቃውሞ እንዳቀርብ ፍቀዱልኝ። የሞንድሪያን ሥራ ከፎቶ ላይ ተለክቶ ወደ ቁጥር ሲመለስ ተማሪው የሚያገኘው የፍለጋውን መጨረሻ ነው፤ ፍለጋውን አያገኝም። ሞንድሪያን በ1940 ኒውዮርክ ከገባ በኋላ ባለቀለም የማጣበቂያ ሰቆችን ሸራው ላይ እየለጠፈ፣ እያነሣና ቦታቸውን እየለወጠ ይሠራ ነበር። በ1944 ሲሞት ሳይጨርሰው በተወው የመጨረሻ ሥራው ላይ ሰቆቹ እስከ ዛሬ እንደተለጠፉ ናቸው። ተማሪው፣ የሸራው ስፋት 1 ተብሎ ሲወሰድ፣ የአንዱን መስመር ቦታ 0.21 ብሎ ሲጽፍ ለምን 0.24 እንዳልሆነ አይጠይቅም፤ ፎቶው 0.21 ስላለ ብቻ ይጽፈዋል።

ሌላው ደግሞ የቀለሙ አካል ነው። ሥዕሎቹን ቀርቦ ያየ ሰው ነጩ ውስጥ የብሩሹን አካሄድ ያገኛል፤ በአንዱ ክፍል ብሩሹ ወደ ጎን፣ በሌላው ወደ ታች ሄዷል፤ ብርሃኑም በየክፍሉ በልዩ ልዩ መንገድ ያርፋል። ስቴፕ የሚያወጣው ጠፍጣፋ ቀለም ከዚህ ጋር ሊነጻጸር አይችልም። ጀማሪዎች የሞንድሪያንን መልክ ገልብጠው ሞንድሪያንን ያወቁ እንዳይመስላቸው እሰጋለሁ።


ነጥብ_በነጥብ (ለሸራና_ብሩሽ)

ተቃውሞዎ ተገቢ ስለሆነ በጥንቃቄ ልመልስ። ይህ ክርክር ከ60 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ማይክል ኖል የተባለ መሐንዲስ በ1964 በአሜሪካው የምርምር ተቋም በቤል ላብስ አይቢኤም 7094 ኮምፒውተርን ተጠቅሞ ሞንድሪያን በ1917 ከአጫጭር አግድምና ቁም መስመሮች የሠራውን ጥቁርና ነጭ ሥዕል የሚመስል ምስል አወጣ። የሁለቱንም ቅጂ ለ100 ሰዎች አሳየ፤ 59 በመቶ የሚሆኑት የኮምፒውተሩን ምስል እንደሚመርጡ ተናገሩ፤ የትኛው የኮምፒውተር እንደሆነ በትክክል የለዩት 28 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙዎች ይህንን ማሽን ሠዓሊን የበለጠበት ታሪክ አድርገው ያወሩታል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ሰዎቹ ያዩት የፎቶኮፒ ቅጂ ስለነበር እርስዎ ያሉት የቀለም አካል ገና ከመጀመሪያው ተወግዶ ነበር።

ከታሪኩ የምወስደው ሌላ ነገር ነው። ኖል ኮዱን ለመጻፍ መስመሮቹ እንዴት እንደተበተኑ፣ ውፍረትና ርዝመታቸው በምን ያህል መካከል እንደሚለዋወጥ፣ ወደ ጠርዙ ሲጠጉ ምን እንደሚሆኑ በቁጥር መመለስ ነበረበት። ሥዕልን ዝም ብሎ የሚወድ ሰው እነዚህን ጥያቄዎች አያነሣም። ቅጂው ራሱ የጥበብ ሥራ ነው አልልም፤ ጥያቄዎቹ ግን ከተማሪው ጋር ይቀራሉ።

ስለ ፍለጋው ያሉትን ግን ወደ ልምምዱ ማስገባት ይቻላል። በሼደርቶይ የማውዝን ቦታ የሚይዝ ዝግጁ ተለዋዋጭ አለ፤ የአንዱን መስመር ቦታ 0.21 ብሎ ከመጻፍ ይልቅ ከማውዙ ጋር አያይዞ መስመሩን በሸራው ላይ እየጎተቱ የሚቆምበትን ቦታ መፈለግ ይቻላል። ፎቶውን ዘግታችሁ እናንተ የት እንደምታቆሙት ወስኑ፤ ከዚያ ከፍታችሁ እርሱ የት እንዳቆመው ተመልከቱ። ተማሪው ለምን 0.24 እንዳልሆነ የሚጠይቀው ያን ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ልምምድ ዋሲሊ ካንዲንስኪ በ1913 በወረቀት ላይ የሠራውና በሙኒክ ሌንባኽሃውስ የሚገኘው የቀለም ጥናት ነው፤ በአራት አምድና በሦስት ረድፍ 12 ካሬዎች ያሉበት፣ በእያንዳንዱም ውስጥ ክብ በክብ የተደራረበበት ነው። ይህንን የመረጥሁት አንድን ወሳኝ ነገር በግልጽ ስለሚያስተምር ነው። አግድሙን በ4፣ ቁመቱን በ3 አባዙት። ፍሎር ሙሉ ቁጥሩን ይሰጣል፤ ያ የካሬው መታወቂያ ነው። ፍራክት ከነጥብ በኋላ ያለውን ይሰጣል፤ ያ በካሬው ውስጥ ያላችሁበት ቦታ ነው። ያለ አንዳች ሉፕ 12 ሸራ አገኛችሁ ማለት ነው። ከካሬው መሐል ያለውን ርቀት ሌንግዝ በተባለው ፋንክሽን ለክታችሁ በ10 ስታባዙትና ፍሎሩን ስትወስዱ ደግሞ የቀለበቱን ቁጥር ታገኛላችሁ። የካሬው መታወቂያና የቀለበቱ ቁጥር ተጣምረው ለዘፈቀደ ቁጥር መነሻ ይሆናሉ፤ በዚያ ቁጥር ቀለም ትመርጣላችሁ።

የሚወጣው ምስል ንጹሕ ነው፤ ሕይወት ግን የለውም፤ ለምን እንደሌለው ማጥናቱ የልምምዱ ዋና ክፍል ነው። የካንዲንስኪ ቀለበቶች ክብ አይደሉም፤ መሐላቸውም የካሬው መሐል ላይ አይውልም። ውሃ የበዛበት ቀለም ወደ ጎረቤቱ ገብቷል፤ አንዳንዱ ቀለበት ሰፍቶ ሌላውን አጥብቦታል። ይህን ለማምጣት ርቀቱን ከመለካታችሁ በፊት በአድራሻው ላይ ለስላሳ ኖይዝ (ከቦታ ቦታ ቀስ እያለ የሚለዋወጥ የዘፈቀደ ቁጥር) ጨምሩ፤ የየካሬውን መሐል በመታወቂያው መሠረት ጥቂት አዛውሩ፤ ጠርዙንም በስቴፕ ፈንታ ከ0 ወደ 1 ቀስ ብሎ በሚሸጋገረው በስሙዝስቴፕ አለስልሱ። ቀለሞቹን ከሁሉም ቀለማት መካከል በዘፈቀደ አትውሰዱ፤ ከሥዕሉ ላይ ሰባት ወይም ስምንት ቀለሞችን መርጣችሁ ከእነርሱ ብቻ ውሰዱ። የቀለሙን ዝርዝር ማጥበብ ምስሉን ከማንኛውም ኖይዝ በላይ ወደ ሥዕሉ ያቀርበዋል።


የሌሊት_ኮደር

ካንዲንስኪውን እንደተባለው ሠራሁት፤ ላፕቶፕ ላይ በጣም ቆንጆ ሆኗል። ወደ ራሴ ድረ ገጽ አዛውሬ በስልክ ስከፍተው ግን ሁሉም ቀለበቶች አንድ ዓይነት ቀለም ይሆናሉ፤ አልፎ አልፎ ብቻ አንዱ ይለያል። ኮዱ ያው ነው፤ አንድ ፊደል አልተለወጠም። የዘፈቀደ ቁጥሩን ኢንተርኔት ላይ ካገኘሁት ከተለመደው ቀመር ነው የወሰድሁት። ምክንያቱን የሚያውቅ አለ?


ሥርዓተ_ኮድ (ለየሌሊት_ኮደር)

ምክንያቱ ቀመሩ ራሱ ነው። በየቦታው የሚገለበጠው ቀመር የአድራሻውን ሳይን ወስዶ በ43758.5453 ያባዛና ፍራክቱን ይመልሳል። በኮድዎ አናት ላይ የፍሎት ጥራት መካከለኛ፣ ማለትም ሚዲየምፒ ተብሎ የታወጀ ይመስለኛል። ብዙ ስልኮች ይህንን አዋጅ አክብረው በ16 ቢት ያሰላሉ፤ ላፕቶፖች ግን በአብዛኛው አዋጁን አልፈው በ32 ቢት ስለሚያሰሉ ችግሩ እዚያ አይታይም።

16 ቢት ፍሎት ከ1024 ጀምሮ ላለ ቁጥር የአሥርዮሽ ክፍል የሚይዝበት ቦታ የለውም፤ 1024፣ 1025፣ 1026 እያለ በሙሉ ቁጥር ብቻ ይዘላል። ከ32768 በላይ ሲሆን ደግሞ ዝላዩ በ32 ይሆናል። ሳይኑ ለዜሮ እጅግ የቀረበ ካልሆነ በቀር በ43758 ሲባዛ ከ1024 ስለሚበልጥ ፍራክቱ ሁልጊዜ 0 ይሆናል፤ ስለዚህ ሁሉም ቀለበት ከዝርዝሩ የመጀመሪያውን ቀለም ይወስዳል። አልፎ አልፎ የሚለየው ሳይኑ ለዜሮ የቀረበበት ቀለበት ነው።

በቀላሉ ለማዳን አዋጁን ወደ ከፍተኛ ጥራት፣ ማለትም ወደ ሃይፒ ይለውጡት። ዘላቂው መፍትሔ ግን ሳይንን ጨርሶ መተው ነው፤ የሳይን አሰላል ከጂፒዩ ጂፒዩ ጥቂት ስለሚለያይና ያ ጥቂት ልዩነት በ43758 ስለሚባዛ፣ በ32 ቢትም ቢሆን ሁለት ማሽኖች አንድ ዓይነት ምስል ላያወጡ ይችላሉ። ዌብጂኤል 2 ሙሉ ቁጥሮችንና የቢት ስሌትን ስለሚፈቅድ የካሬውን መታወቂያ በሙሉ ቁጥር ሐሽ ያድርጉት (በቢት ስሌት ወደ ዘፈቀደ መሰል ቁጥር ይለውጡት)፤ በስልክም በላፕቶፕም ያው ቀለም ይወጣል።


የሌሊት_ኮደር

ወደ ሃይፒ ስለውጠው ተስተካከለ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሐሹንም እለውጠዋለሁ። ነጥብ_በነጥብ፣ ሦስተኛው ልምምድ የትኛው ነው?


ነጥብ_በነጥብ

ሦስተኛው ብሪጅት ራይሊ በ1961 የሠራችው ጥቁርና ነጭ የካሬዎች ሥዕል ነው። የዳማ ገበታ የመሰለ ሜዳ ሆኖ ካሬዎቹ ቁመታቸውን ሳይለውጡ ከመሐል ትንሽ ወደ ቀኝ ወዳለ ቁም ስፍራ ሲጠጉ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ በዚያ ስፍራ ሜዳው ወደ ውስጥ የታጠፈ ይመስላል። ከሦስቱ በጣም የምወደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙዎቻችን ትምህርት ቤት ሳንወደው ያለፍነውን የካልኩለስ ሐሳብ በዓይን ያሳያል።

የዳማው ገበታ ቀላል ነው፤ የአግድሙን ፍሎርና የቁመቱን ፍሎር ደምራችሁ ድምሩ ለ2 ሲካፈል ቀሪ ካለው ጥቁር፣ ቀሪ ከሌለው ነጭ ታደርጉታላችሁ። እያንዳንዱን ካሬ ለብቻው ለማጥበብ የሚሞክር ሰው ይደክማል። መንገዱ አግድሙን ፍሎር ከማድረጋችሁ በፊት በሌላ ፋንክሽን ማሳለፍ ነው። ያ ፋንክሽን ቀጥ ብሎ በሚወጣበት ቦታ ብዙ ሙሉ ቁጥሮች በጠባብ ስፍራ ስለሚያልፉ ካሬዎቹ ይጠብባሉ፤ ዘንበል ባለበት ቦታ ደግሞ ይሰፋሉ። የካሬው ስፋት 1 ለፋንክሽኑ ዲሪቬቲቭ (ለሚለወጥበት ፍጥነት) ሲካፈል የሚገኘው ነው ማለት ነው።

የትኛው ፋንክሽን? በመጀመሪያ ሎጋሪዝም ሞክሩ። በሎጋሪዝም እያንዳንዱ ካሬ ከቀዳሚው በተመሳሳይ ጥምርታ ያንሳል፤ ምስሉ ያምራል፣ የራይሊ ግን አይመስልም። የእርሷ ካሬዎች ለረጅም ጊዜ ስፋታቸውን ይዘው ቆይተው መጨረሻ ላይ በፍጥነት ይጠፋሉ። አርክሳይን ለዚህ ይበልጥ ይቀርባል፤ በሲሊንደር ላይ የተጠቀለለ የዳማ ገበታ ከፊት ሲታይ ጠርዙ ላይ የሚጠበው በዚሁ መንገድ ነውና። ሁለት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ሆነው ጠርዛቸው የሚገናኝበትን ቦታ ማጠፊያው አድርጉት። ከዚያ ሥዕሉን ደግማችሁ ተመልከቱ፤ ግራው ሰፊ ነው፣ ቀኙ አጭር ነው። ሁለቱን ወገኖች እኩል ያደረገ ኮድ ትክክለኛ ሒሳብ ሆኖ ሳለ ውጥረቱን ያጣል፤ ራይሊ ያንን የወሰነችው በዓይኗ ነው። ሸራና_ብሩሽ ያሉት ፍለጋ እዚህ ላይ እንደገና ይመጣል።

አንድ ቴክኒካዊ ችግር ይገጥማችኋል። ማጠፊያው አጠገብ ካሬዎቹ ከአንድ ፒክስል በታች ሲጠቡ በሸራው ላይ የሌለ የሚርመሰመስ ጥለት ይፈጠራል። ኤፍዊድዝ የተባለው ፋንክሽን አንድ ዋጋ ከአንዱ ፒክስል ወደ ጎረቤቱ ምን ያህል እንደሚለወጥ ይነግራችኋል፤ ፍሎር ከመደረጉ በፊት ባለው ዋጋ ላይ ተጠቀሙበት። ለውጡ ወደ ግማሽ ሲጠጋ ጥቁርና ነጩን ቀስ በቀስ ወደ ግራጫ አደባልቁ። ግራጫው ግን 0.5 አይደለም። የስክሪን ቀለም ቁጥርና የብርሃን መጠን ቀጥተኛ ዝምድና ስለሌላቸው 0.5 ተብሎ የተጻፈ ግራጫ የነጩን ብርሃን 21 በመቶ ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ግማሽ ብርሃን የሚሰጠው 0.735 አካባቢ ነው። በ0.5 ብትሠሩት ማጠፊያው ላይ ጥቁር ጥላ ያረፈ ይመስላል።


ሸራና_ብሩሽ

በማውዝ የሚደረገው ፍለጋ ለጥያቄዬ ጥሩ መልስ ነው፤ ፎቶውን ዘግቶ መወሰን የሚለውን በተለይ ወድጄዋለሁ። ስለ ብሩሹ ያልሁትን ግን አልተውም።

በበኩሌ ለቀለም ትምህርት ጆሴፍ አልበርስን እጨምራለሁ። ከ1950 ጀምሮ በ1976 እስኪሞት ድረስ ካሬ በካሬ ውስጥ እየሠራ ከ1000 በላይ ሥራዎችን ትቷል። ቀለሙን ሳይደባልቅ ከቱቦው በቀጥታ በቢላ ይቀባ ነበር፤ የተጠቀመባቸውን ቀለሞች ስምም ከሰሌዳው ጀርባ ይጽፍ ነበር። አሠራሩ ለኮድ የተመቸ ይመስለኛል፤ ሰሌዳውን 10 በ10 ብትከፍሉት ካሬዎቹ ወደ ውስጥ ሲገቡ ከታች በግማሽ፣ ከግራና ከቀኝ በ1፣ ከላይ በ1.5 ያንሳሉ፤ ይህም 1 ለ2 ለ3 ነው። ስለዚህ ካሬዎቹ ወደ ታች የተቀመጡ ሆነው ይታያሉ።

ቅርጹ አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ የሚቀረው ቀለም ብቻ ነው። የመካከለኛውን ካሬ ቀለም ሳትነኩ የዙሪያውን ብቻ ለውጡ፤ ያው ቁጥር አንድ ጊዜ ሞቆ፣ አንድ ጊዜ ቀዝቅዞ ይታያችኋል። አንድን ቀለም በሁለት የተለያዩ መደቦች ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ ሁለት ቀለም እንዲመስል አድርጉ፤ ይህን አልበርስ ለተማሪዎቹ የሚሰጠው ልምምድ ነበር። በወረቀት ስንሠራው ብዙ ቀለም ያባክናል፤ እናንተ ግን ቁጥር ብቻ ነው የምትለውጡት።


ጠያቂው

ሁለት ነገር ልጠይቅ። የሰውን ሥራ በኮድ መልሶ መሥራት የቅጂ መብት አያስጠይቅም ወይ? የእኛን አገር ረቂቅ ሥዕል፣ ለምሳሌ የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራዎች፣ በዚህ መንገድ ማጥናትስ ይቻላል?


ሸራና_ብሩሽ (ለጠያቂው)

ሞንድሪያንም ካንዲንስኪም የሞቱት በ1944 ነው፤ ጥበቃው ከሞት በኋላ 70 ዓመት በሆነባቸው የአውሮፓ አገሮች ሥራዎቻቸው ከ2015 ጀምሮ ነጻ ናቸው። አልበርስ ገና 70 ዓመት አልሞላውም፤ ራይሊ የተወለደችው በ1931 ሲሆን ሥራዎቿ የተጠበቁ ናቸው። በ1965 በኒውዮርክ ትልቅ ዐውደ ርእይ ላይ ስትቀርብ ሥዕሎቿ ያለ ፈቃዷ በልብስ ላይ ታትመው ሲሸጡ አይታ አጥብቃ ተቃውማለች። ለመማር መሥራትና ሠርቶ መሸጥ የተለያዩ ናቸው፤ ለትምህርት የሠራችሁትን ስትለጥፉም የሠዓሊውን ስምና ዓመቱን ጻፉ።

ገብረ ክርስቶስን በተመለከተ፣ ይቻላል፤ ነገር ግን ለመጀመሪያ ልምምድ አልመክረውም። በጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ያስተማረ፣ ረቂቅ ሥዕልን ወደ አገራችን ካስገቡት ግንባር ቀደም የሆነ ሠዓሊ ነው። በሥራዎቹ ውስጥ የቀለሙ ውፍረትና የእጁ ግፊት ራሱ ይናገራል፤ ስቴፕና ሌንግዝ እዚያ ድረስ አያደርሱም። አዲስ አበባ ያላችሁ በዩኒቨርሲቲው ውስጥ በስሙ የተሰየመውን ማዕከል ሄዳችሁ ሥራዎቹን ከጎን በሚመጣ ብርሃን ተመልከቷቸው፤ ከዚያ የቀለምን ከፍታና ዝቅታ በኖይዝ እንዴት እንደምታወጡ እናንተ ታውቃላችሁ።


ሥርዓተ_ኮድ

የቀለም ከፍታ ይቻላል። ኖይዙን በአንድ አቅጣጫ ለጥጣችሁ የብሩሽ ፈር የመሰለ ከፍታ አውጡ፤ ከዚያ ከፍታው ወደ ጎን የሚለወጥበትን መጠን ወስዳችሁ መብራት ከየት እንደሚመጣ በሚወስን አቅጣጫ አባዙት። ውጤቱን በጣም በትንሹ፣ 0.03 ያህል፣ በቀለሙ ላይ ብትደምሩት በሞንድሪያን ነጮች ላይ እንኳ ልዩነቱ ይታያል፤ በአንዱ ክፍል ኖይዙን ወደ ጎን፣ በሌላው ወደ ታች ለጥጡት።


አዲስ_ገቢ

ሞንድሪያኑን ጨርሼ ካንዲንስኪን ጀመርሁ። ክቦቹ ግን ሁሉም ወደ ጎን የተለጠጡ ሞላላ ሆነው ይወጣሉ። ርቀቱን የለካሁት በሌንግዝ ነው፤ አድራሻውንም በስክሪኑ ስፋትና ቁመት አካፍዬዋለሁ።


ነጥብ_በነጥብ (ለአዲስ_ገቢ)

ችግሩ ማካፈሉ ላይ ነው። አግድሙን በስፋቱ፣ ቁመቱን በቁመቱ ስታካፍለው ሁለቱም ከ0 እስከ 1 ይሆናሉ፤ ስክሪኑ ግን ከቁመቱ ይልቅ ይሰፋል፤ ስለዚህ በአግድም 0.1 ማለት በቁመት ከ0.1 የረዘመ ርቀት ነው። ሁለቱንም በቁመቱ ብቻ አካፍል፤ አግድሙ በ1920 በ1080 ስክሪን ላይ ከ0 እስከ 1.78 ይሆናል። ካንዲንስኪው 4 በ3 ስለሆነ ከዚህ ውስጥ ከ0 እስከ 1.333 ያለውን ብቻ ተጠቀም፤ የቀረውን በመደብ ቀለም ሙላው። ከዚያ አግድሙንም ቁመቱንም በ3 ብታባዛቸው አራት አምድና ሦስት ረድፍ እውነተኛ ካሬ ታገኛለህ፤ ክቦቹም ክብ ይሆናሉ። ኖይዙን የምትጨምረው ይህ ከተስተካከለ በኋላ ይሁን።